ነጩ ለግፊት፣ ቢጫው ለስብ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መድኃኒት ቤቱ ኬክ አስቆረሰልኝ። ኬኩ ላይ በክሬም «ለዶክተር አስናቀች» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ዶክተር አይደለሁም። ድራጊስት ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ መድኃኒት ስሰጥ የኖርኩ ሰው። መርካቶ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አርማቸው ነበር፤ ኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። ኬኩን እየበላን ወጣቶቹ ፋርማሲስቶች «እትዬ አስናቀች፣ እስቲ ከሥራ ዘመንዎ አንድ የማይረሱትን ይንገሩን» አሉኝ። አንድ ሁለት የሚያስቅ ነገር አውርቼ አመለጥኳቸው። የማልረሳው ነገር ኬክ እየተበላ የሚወራ አልነበረም። ሳልናገረው መውጣቴ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ፤ ስለዚህ ይኸው ልጽፈው ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያ ምድቤ ጎጃም ውስጥ ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ነበረች። ሁለት ዓመት ሠራሁባት። ከዚያ አዲስ አበባ ተዛወርኩና አንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ገቢና ወጪ መዝጋቢ ሆንኩ። ጠዋት የገቢው ደረሰኝ ሞዴል 19፣ ከሰዓት የወጪው ሞዴል 22። ጣቶቼ ሁልጊዜ የካርቦን ወረቀት ቀለም ነበረባቸው። መድኃኒቱን በካርቶን አየዋለሁ እንጂ የሚውጠውን ሰው አላየውም፤ ይህ ልቤን አደረቀው። ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ያለ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ሰው ይፈልጋል ሲሉኝ ደመወዙን እንኳ በቅጡ ሳልጠይቅ በማግስቱ ሄድኩ።

ባለቤቱ ሐጂ ሙክታር መድኃኒት አያውቁም፤ ሰው ግን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ምስክር ወረቀቴን ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱልኝና «ልጄ፣ እዚህ የሚመጣው ሰው ቸኩሎ ነው የሚመጣው። ሱቁን ለጎረቤት አስጠብቆ ነው። ይጮኽብሻል፣ ይነዘንዝሻል። ትታገሺዋለሽ?» አሉኝ።

«እታገሠዋለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው የወርቅነህን ቃል ስሚ» አሉና ወደ ውስጥ አመለከቱኝ።

ጋሽ ወርቅነህ የመድኃኒት ቤቱ ፋርማሲስት ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ። ጠዋት ሲገቡ በቅድሚያ የራሳቸውን ጥፍር ያያሉ፣ ቀጥሎ የእኛን። ጥፍሯ ያደገ ልጅ ክኒን አትነካም። ክኒን ሲቆጥሩ በጠፍጣፋ ማንኪያ አምስት አምስት እያደረጉ ወደ ጠርዙ ይገፉታል፤ እየቆጠሩ ሳለ ያናገራቸው ሰው ሐጂም ቢሆኑ መልስ አያገኝም፤ እሳቸው ግን ሁሉንም መልሰው አፍስሰው ከአንድ ይጀምራሉ። ማንበብ ለማይችል ሰው ፖስታው ላይ ፀሐይና ጨረቃ ይስሉለታል። የሳቸው ፀሐይ ሁልጊዜ ሰባት ጨረር ነበራት፤ አንድም ቀን ስድስት ሆና አላየኋትም።

ከሁሉም የሚብሰው ልማዳቸው ግን «አሳየኝ» ነበር። መድኃኒቱን ሰጥተው፣ አወሳሰዱን ነግረው ሲያበቁ እጃቸውን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው ሰውየውን ትኩር ብለው ያዩታል። «አሁን ቤትህ ነህ እንበል። ነግቷል። ተነሣህ። መድኃኒቱ ይኸውልህ። በል አሳየኝ።» ሰው ይስቃል፣ ያፍራል፣ ይቆጣል። እሳቸው ንቅንቅ አይሉም። ታዲያ ሲያሳይ ስንት ጉድ ይወጣ ነበር! አንዷ የጆሮ ጠብታ አፏ ውስጥ ልታንጠባጥብ አንጋጠጠች። አንዱ ተሸካሚ በቀን ሦስት ጊዜ የተባለውን ሦስቱንም ባንድ ላይ እጁ ላይ ዘረገፈና «ቀኑን ሙሉ ሸክም ላይ ነኝ፣ መቼ አገኘዋለሁ!» አለ። 

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ጋሽ ወርቅነህ አንድ ቀን፣ «የምታውቂውን ሁሉ አትንገሪው። የሚያደርገውን ንገሪው። ከዚያ ያሳይሽ። ሰው ይዞ የሚሄደው የነገርሽውን ሳይሆን የገባውን ነው።»

እኔ ግን ማብራራት እወዳለሁ። ያኔም ምላሴ ከእጄ ትፈጥን ነበር። መድኃኒት የት ገብቶ ምን እንደሚሠራ ለሰው ስናገር ደስ ይለኛል፤ ሰው ሲደነቅልኝ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ይህን የምጽፈው ለማስዋብ አይደለም፤ ኋላ ለሆነው ነገር ሥሩ ይህ ስለሆነ ነው።

ጋሽ ወርቅነህ ዓይናቸው ሲደክም ሥራ ተዉ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ባንኮኒው በልማድ ለእኔ ቀረ። «አሳየኝ»ም ከእኔ ጋር ቀረች፣ ግን እያደር ቀጠነች። ሰው ተሰልፏል፣ ከውጭ ጋሪ ይገፋል፣ ከኋላ «ፍጠኚ እንጂ እመቤት!» ይላል። ለአዲስ በሽተኛ ብቻ አደረግኳት። ቀጥሎ ለሽማግሌና ለአሮጊት ብቻ። አንድ ዘመን ላይ ጭራሽ ጠፋች፤ መጥፋቷንም አላስተዋልኩም።

በዚያ ዘመን ከምንሸጠው መድኃኒት እየበዛ የመጣው የደም ግፊትና የልብ ነበር። ግፊት አያምም፤ የማያም ነገር ደግሞ መርካቶ ውስጥ ጊዜ አያገኝም። ነጋዴው ጥርሱን ሲያመው ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ ግፊቱ ጣራ ሲነካ ግን ዕቃ እያራገፈ ነው። ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ወይ ደረቱን ሲጨመድደው ወይ ፊቱ ሲጣመም ነው። ያኔ የመድኃኒት መዓት ይታዘዝለታል፤ አንዱ ግፊት የሚያወርድ፣ ሌላውም ግፊት የሚያወርድ፣ አንዱ የደሙን ስብ የሚቀንስ፣ አንዱ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ። ሁሉም ያስፈልጋሉ፤ ሁሉም ለዕድሜ ልክ ናቸው።

እህል በረንዳ ጤፍ የሚያከፋፍሉ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ደንበኛ ነበሩኝ። ልባቸውን አሟቸው ከሆስፒታል ሲወጡ አራት ዓይነት ክኒን ታዘዘላቸው። ከወራት በኋላ ፌስታላቸውን ይዘው መጡ፤ አየሁት፤ ማለቅ ከነበረበት ብዙው አለ።

«እትዬ ብርቄ፣ እንዴት ነው የሚወስዱት?»

«በተራ ነዋ!» አሉኝ። «ሰኞ የግፊቷ፣ ማክሰኞ ያቺ ሁለተኛዋ፣ ረቡዕ የስቧ፣ ሐሙስ የደሟ። እንደ ዕቁብ ነው፤ ለሁሉም ዕጣው ይደርሳታል፣ ማንም አይቀየም። ምነው፣ አራቱንም ባንድ ቀን ጎርሼ ሆዴን መጋዘን ላድርገው?»

መጀመሪያ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ወዲያው ግን ደነገጥኩ፤ ሴትዮዋ በየቀኑ ከአራቱ መድኃኒት ሦስቱ ይቀርባቸዋል ማለት ነው።

ስለዚህ እነዚያን መድኃኒቶች አንድ ላይ የያዘ ክኒን መምጣቱን ስሰማ የተደሰትኩትን ደስታ አትጠይቁኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባል የለ፤ ይኸው ሎሚው ሁሉ አንድ ሆነ። ሁለት ግፊት አውራጆችና የስቡ መድኃኒት ባንድ ክኒን፣ በቀን አንዴ። ልቡን ታሞ ለሚያውቅ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የተጨመረበትም አለ። ለማን የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ለሁሉም ሰው አይደለም። እትዬ ብርቄ ሐኪማቸው ሲቀይርላቸው «ዕቁቡ ፈረሰ በይኛ!» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላጓደሉም።

ከመጡልን ውስጥ አንደኛው ክኒን በሁለት ንብርብር የተሠራ ነበር፤ ባንድ በኩል ነጭ፣ በሌላው በኩል ቢጫ። ብርሃን ላይ ይዤ አገላብጬ አየሁት። እንዲህ ያለ ሥራ ደስ ይለኛል።

ምን አለሽ ተራ ከሚታወቅባቸው ባለሙያዎች አንዱ ጋሽ ሰይድ ነው። በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ እዚያው ተራ ሥራ ለምዶ፣ ትዳር ይዞ፣ ፀጉሩ እዚያው የሸበተ ሰው ነው። ከዘይት በርሜል የከሰል ምድጃ ይሠራል፣ ከወተት ጣሳ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ። ምን አለሽ ተራ ተፈትቶ ሌላ ነገር የማይሆን ዕቃ የለም። የሞተ ፍሪጅ ይገባል፤ በማግስቱ መደርደሪያው የዶሮ ቤት በር፣ ጀርባው መጥበሻ፣ ሽቦው የልብስ መስቀያ ሆኖ ይወጣል። ጋሽ ሰይድ ደግሞ በመፍታት ከሁሉም ይበልጣል ይባልለታል። እጁ ልዩ ነበር።

አባቱም ታላቅ ወንድሙም ሳይታሰብ ወድቀው ነው የሞቱት። ሐኪሙ ግፊቱም ስቡም ከፍ ማለቱን ነግሮት፣ በፊት የነበሩትን ክኒኖች ስለሚያጓድል ወደ አንዱ ክኒን ቀየረለት። ማዘዣውን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

«ዶክተር፣ ይቺ ምንድን ናት ደግሞ? ሁለት ቀለም!»

እኔም ያቺ ምላሴ ተነሣች። ክኒኑን አውጥቼ መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየሁት። «አየህ ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ ነጩ በኩል ለግፊት ነው። ቢጫው በኩል ለስብ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቀው ነው የሠሩት።» 

ክኒኑን ከመዳፌ ወስዶ በጥፍሩ መጋጠሚያውን ዳሰስ አደረገው። «ጥሩ ብየዳ ነው» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። አሳየኝ አላልኩትም።

ከሦስት ወር በኋላ ሲያልፍ ጎራ አለና ግፊቱን ለካሁለት። ወርዶ ወርዶ ደህና ሰው ሆኗል። ሰው ተሰልፎ ነበር።

«ማሻ አላህ፣ ግፊትህ ተስተካክሏል» አልኩት።

«ሙሉ በሙሉ ተሠራ?»

«ተሠራ!» አልኩና ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞርኩ። ስቡ ገና በላቦራቶሪ እንዳልታየለት ግን ያውቅ ነበር።

ከዚያ ስንት ወር እንዳለፈ በትክክል አላስታውስም። አንድ ጠዋት በሩን ከፍተን ብዙም ሳንቆይ የጋሽ ሰይድ ሚስት ዘሀራ ገባች። ሻርፗ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ ዓይኗ አብጧል። ክዳን ያላት ትንሽ ክብ የቆርቆሮ ዕቃ ከቦርሳዋ አወጣችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። የጋሽ ሰይድ ሥራ እንደሆነች ክዳኗ ሲገጥም ብቻ ያስታውቃል።

«እትዬ አስናቀች፣ ሰይድ ትናንት ወደቀ። ምድጃ እየሠራ ሳለ መዶሻው ከእጁ አመለጠውና ተከትሎት ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጁን አያዝበትም። አፉም ተጣሟል።»

«ወይኔ!» አልኩ።

ዕቃዋን ከፈተችልኝ። ውስጧ ስስ ስስ ነጭ ክኒኖች ነበሩ። «ይቺ የእኔዋ ናት። ነጯ። ከቀረችው አሁን ለእሱ ልመልስለት ወይ ብዬ ነው የመጣሁት።»

አልገባኝም። «ያንቺ? ምኗ ነው ያንቺ ዘሀራ?»

«የግፊቷ ናት። እኔም እኮ ግፊት አለብኝ፤ የእኔ መድኃኒት አልቆ ነበር። እሱ ታዲያ ‹የእኔ ግፊት ተሠርቶ አልቋል፣ ዶክተር አስናቀች ራሷ ለክታ ነግራኛለች፤ የተሠራ ዕቃ ደግሞ አይሠራም፤ የቀረኝ ስቡ ነው› አለ። ጠዋት ጠዋት በምላጭ እየለየ ቢጫዋን እሱ ይውጣል፣ ነጯን ለእኔ ይሰጠኛል። ወላሂ እንቢ ብዬው ነበር፤ አንዳንዴ ዋጥኩ፣ አንዳንዴ ፈርቼ እዚህ አጠራቀምኩ። ‹ምን ያባክናል፣ ቤት ውስጥ ግፊት ያለው ሰው እያለ› አለኝ።»

አንዷን አነሣሁ። ጠርዟ ላይ አንዲት ቅንጣት ፍርፋሪ የለም። ቢጫው ከመጋጠሚያው ተለይቶ ነጩ ብቻ ቀርቷል፤ እንዲህ አድርጎ ክኒን ለመለየት የጋሽ ሰይድ እጅ ያስፈልጋል። ያ እጅ አሁን ሆስፒታል ተኝቷል።

ዘሀራን ምንም እንዳትሰጠው፣ ሆስፒታሉ የሚያዘውን ብቻ እንድትከተል ነገርኳት። የሷንም ግፊት ለካሁ፤ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂና የራስሽን ይዘዙልሽ አልኳት። እስክትወጣ ድረስ እንደ ሰው ቆምኩ። ከዚያ ወደ ጓዳው ገብቼ ካርቶኖቹ መሐል ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሽ ወርቅነህ ዓይኔ ላይ ቆሙ። ሁለተኛ የመጣ ቀን እንኳ «አሳየኝ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ጋሽ ሰይድ ምላጭ ይጠይቀኝ ነበር፤ ጉዱም ያኔ ይወጣ ነበር። የከለከለኝ ሰልፉ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፤ አንዱ ክኒኑን ከፈተለት፣ ሁለተኛው የትኛውን ቁራጭ እንደሚተው ነገረው።

የሆነውን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ለሐኪሙ ወስጄ ሰጠሁት። አነበበው። «ስትሮኩ በዚያ ብቻ መጣ ማለት አይቻልም» አለኝ፣ «ግን ግፊቱን የያዘለት መድኃኒት ተቋርጧል። ሁለተኛ ቢመታው የሚተርፍ አይመስለኝም። መድኃኒቱን ሳያጓድል መውሰድ አለበት።»

ጋሽ ሰይድ ከሆስፒታል ወጣ። አፉ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ዘሀራ እንደገና መጣች። «አልውጥም አለ። ምንም አልውጥም አለ። ክኒን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ተራ ሄዶ ይቀመጣል፣ ይመጣል፣ ይተኛል። እትዬ አስናቀች፣ እኔ ምን ልሁን?»

የዚያን ዕለት ጋዋኔን እንደለበስኩ ለሐጂ «መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛውን ስትሮክ እጄን አጣጥፌ አልጠብቅም ብያለሁ። ቢሰድበኝም ቢያባርረኝም እስኪውጥ ድረስ በየቀኑ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ።

ምን አለሽ ተራ በመዶሻ ድምፅ ይናወጣል፤ እዚያ ሰው የሚያወራው እየጮኸ ነው። ጋሽ ሰይድ የተደፋ በርሜል ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁን በግራው አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። 

«ዶክተር መጣች!» አለ አንዱ ባለምድጃ። «ክኒን ፈቺው፣ መፍቻ ይዛልህ መጣች!»

ተራው በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ሰይድ አልሳቀም። ክኒን ፈቺው! ያኔ ገባኝ። ዕድሜውን ሙሉ የተከበረበትን ሙያ መሳለቂያ አድርገውበታል። ክኒኑን የጠላው ለዚህ ነው።

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ። ቃሉ ገና ይጎተታል።

«መድኃኒትህን እንድትወስድ።»

«አልፈልግም። ነጩም ይቅርብኝ፣ ቢጫውም ይቅርብኝ። የአላህ ነገር ነው።»

«የአላህ ነገርማ ነው። ምላጩን ያስያዝኩህ ግን እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ወደ ሌሎቹ ዞርኩና ያለ የሌለ ድምፄን አወጣሁ። «ስሙኝማ! ሰይድ ላይ አትሳቁ! ነጩ ለግፊት፣ ቢጫው ለስብ ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ግፊትህ ተሠርቶ አልቋል ያልኩትም እኔ ነኝ። እናንተ ይሄ ክፍል ለዚህ ነው፣ ያ ክፍል ለዚያ ነው ተብላችሁ ዕቃ ቢሰጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንፈታዋለና!» አለ ያው ባለምድጃ።

«እሱም ያደረገው ያንኑ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት መድኃኒት የሰጠሁት እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

በአቅራቢያው የነበሩት መዶሻዎች ቆሙ።  እንዲህ ብሎ በአደባባይ መናገር የሥራ ፈቃዴን ሊያስነጥቀኝ እንደሚችል አውቅ ነበር። ግን ከዚያ በፊት እንዲያ ቀሎኝ አያውቅም።

ጋሽ ሰይድ ጉልበቱ ላይ ያለውን ቀኝ እጁን አየው። ከዚያ «ታዲያ ለምንድን ነው የማይለየው?» አለኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። እንዴት እንደሚሠራ፣ ደም ሥር ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ ለአንዱ የተመጠነ ለሌላው ለምን እንደማይሆን፤ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ነከስኳት። «እንዳለ ነው የሚዋጠው» አልኩት። «በየቀኑ። ግፊትህ ሲወርድም፣ ደህና ስትሆንም። የወረደው ክኒኑ ስለያዘው ነው፤ ስትለቀው ተመልሶ ይነሣል። ለሰውም አይሰጥም። በል አሁን ነግቷል እንበል። አሳየኝ።»

ሐኪሙ የጻፈለትን ሰጠሁት። በግራ እጁ ክኒኑን ከታሸገበት ስትሪፕ ለማውጣት ታገለ። ባለምድጃው ሊረዳው ሲነሣ በዓይኔ አስቀመጥኩት። ፈነዳች፤ መዳፉ ላይ ወደቀች፤ አፉ ውስጥ ጣላት።

«ውሃስ?» አለ በጉንጩ ይዟት።

አንዱ በጣሳ አቀበለው። ዋጠ። ከዚያ አፉን ወለል አድርጎ ከፍቶ አሳየኝ። ተራው በሙሉ እንደገና ሳቀ፤ በዚህኛው ሳቅ ግን እሱም አለበት።

«ምላጩንስ ለማስረጃ ፍርድ ቤት ትወስጂዋለሽ?» አለኝ እየሳቀ።

በማግስቱ ሄድኩ። በሦስተኛውም ቀን። አርባ ቀን ያህል በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስገባ በዚያ በኩል እየዞርኩ አሳየኝ አልኩት። መድኃኒት ቤቱ ውስጥም «አሳየኝ»ን ለሁሉም ሰው መለስኳት። ለወጣቱም፣ ለተማረውም፣ ለሚቸኩለውም። ሰልፉ ደጅ ወጣ።

«አስናቀች፣ ሰዉ እኮ ወደ ሌላ እየሄደብን ነው!» አሉ ሐጂ።

«ይሂድ ሐጂ። ታገሺው ብለው አይደል የቀጠሩኝ? እየታገሥኩት ነው።»

አጉረመረሙ፤ ግን አልከለከሉኝም። የሄደውም ብዙው ተመለሰ። ጋሽ ሰይድ በበኩሉ የተራው ጠባቂ ሆነ። ግፊት ያለበትን ሁሉ ያውቃል፤ ሲያልፉ «ዋጥክ?» ይላቸዋል። በረመዳን ደግሞ «በኢፍጣር፣ እንዳለ!» እያለ ይጮኻል። በግራ እጁ መዶሻ መያዝ ተማረ፤ ቀኙ ዕቃ ደግፎ ለመያዝ ያህል ተመለሰ። የአሁን ምድጃዎቹ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነብላሉ፤ ከሰል ግን አጥብቀው ይይዛሉ።

እንግዲህ ጡረታ ወጣሁ። አሁን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር አወሳሰዱን አትሞ ያወጣል፤ ፀሐይና ጨረቃ የሚስል የለም። ደህና ነው፤ ጽሑፉ ይነበባል። ወጣቶቹን ለቅቄ ስወጣ ያስማልኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እሱን ለመጻፍ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ አፈርኩ። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ተመርምሬ የራሴ ግፊትም ስብም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ማዘዣ ጻፈልኝ። ገዝቼ ቤት ገብቼ ስከፍተው ያው ነው፤ ባንድ በኩል ነጭ፣ በሌላው ቢጫ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አያመኝም፤ ምን አቻኮለኝ? ነገ እጀምራለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት «እስኪለመደኝ በግማሹ ብጀምርስ» ብዬ ቢላ አነሣሁ። ቢላውን ይዤ ቆሜ ራሴን አየሁት። ቢላውን አስቀምጬ፣ ክኒኑን ከነስትሪፑ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ታክሲ ይዤ መርካቶ ወረድኩ።

ጋሽ ሰይድ በርሜሉ ላይ ነበር። ከሰላምታው በፊት እንደ ልማዱ «ዋጥሽ?» አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው፤ ግፊት እንዳለብኝ አያውቅም።

«አልዋጥኩም» አልኩት።

ሳቁ ፊቱ ላይ ቆመ። እጁን ዘረጋ፤ ስትሪፑን ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። አንዷም አልፈነዳችም። ክኒን ፈቺው ብሎ የሚስቅ ሰው እንዳይሰማ ነው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከስንት ጊዜ ጀምሮ?» አለኝ።

«ሦስት ሳምንት።»

 አልሳቀብኝም፣ አልተቆጣኝም። ተነሣና ከግድግዳው ሥር ወዳለው የውሃ ጀሪካን ሄደ። በግራው አዘንብሎ ጣሳውን ሞላ። ከዚያ ጣሳውን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረው። «ተው፣ በግራህ አምጣው» ልለው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። መዶሻ መያዝ ያቃታት እጅ ናት። ሰባት ስምንት እርምጃ ነው፤ ጣሳውን አጥብቆ ይዞ፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ውሃው ጫማው ላይ እየፈሰሰ መጣ። ፊቴ ቆመና ዘረጋልኝ።

«በይ አሳዪኝ» አለኝ።

ክኒኑን አፈነዳሁት፤ ነጩንም ቢጫውንም እንዳለ አፌ ውስጥ ጣልኩት። ጣሳው እጄ ሲደርስ ግማሹ ውሃ ፈስሶ ነበር። የቀረው ለአንድ ክኒን በቃ።